የመድረካችንን ወለል እንመልስ፦ ሁለተኛ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የክዮገን (የጃፓን ጥንታዊ የቀልድ ቲያትር) ቤተሰቦች፣

የአዳራሹ ጣሪያ በዝናቡ ማፍሰሱን ታውቃላችሁ። ጣሪያው ተጠግኗል። የመድረኩ ወለል ግን አልዳነም፤ ውሃ የጠጣው እንጨት አብጦ ተነስቷል። በመጀመሪያው ጥሪ ከጠየቅነው ግማሹ እንኳ አልሞላም፤ ከዚያ ወዲህም መዋጮው ቀዝቅዟል። ደክሞናል። ዝም ማለት ግን አልቻልንም።

“ምንጣፍ ጣል አድርጋችሁ ለምን አትለማመዱም?” ያሉን አሉ። በክዮገን ይህ አይሆንም። ተዋናዩ ተረከዙን ከወለሉ ሳያላቅቅ እየተንሸራተተ ነው የሚራመደው። እግሩን ሲመታ ደግሞ እንጨቱ መጮህ አለበት። በጃፓን በቆዩ መድረኮች ሥር ትልልቅ የሸክላ ማሰሮዎች የሚቀመጡት ድምፁ እንዲያስተጋባ ነው። ምንጣፍ ሁለቱንም ይገድላል።

ያለፈው ገንዘብ የት ገባ ለምትሉ፣ መጠየቃችሁ ተገቢ ነው። ሂኖኪ የሚባለውን ውድ የጃፓን እንጨት አልገዛንም፤ ያስነጠፍነው እዚሁ የሚገኘውን ነው። ትልቁ ወጪ መምህሩን ከኪዮቶ ለማስመጣት የወጣው ነበር። ይህን ወጪ ዛሬም ደግመን እናወጣዋለን። ክዮገን ከመጽሐፍ አይለቀምም። መምህሩ አንዷን መስመር ይላል፣ ተማሪው በዚያው ድምፅና በዚያው ትንፋሽ ይደግማል፤ እስኪይዘው። 600 ዓመት ገደማ የዘለቀው እንዲህ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ነው። ዩኔስኮም በ2008 እ.ኤ.አ. “ኖህ” ከሚባለው ሌላው ጥንታዊ የጃፓን ቲያትር ጋር በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል።

ውጤቱን አይታችኋል። ልጆቻችን “ቡሱ” የተባለውን የክዮገን ተውኔት በእንግሊዝኛ ሲጫወቱ አዳራሹ በሳቅ ፈርሶ ነበር። የቤቱ ጌታ “መርዝ ነው” ብሎ የሄደውን ስኳር ሁለቱ አሽከሮች ጠራርገው ሲበሉት ማን ያልሳቀ አለ? ጃፓንኛ የማያውቁ አያቶች እንባቸውን እየጠረጉ ወጡ። የመድረክ ባለሙያዋ ዩሪኮ ዶይ በ1978 እ.ኤ.አ. እዚሁ ሳን ፍራንሲስኮ “ቲያትር ኦቭ ዩገን” የተባለውን የቲያትር ቡድን ስትመሠርት ይህ ጥበብ ከጃፓን ውጭም እንደሚኖር አሳይታለች። አደራው አሁን የእኛ ነው።

አሁን ተራው የትንንሾቹ ነው። በጃፓን የክዮገን ልጅ በጦጣ ይጀምራል፣ በቀበሮ ያስመሰክራል ይባላል። የእኛዎቹም “ኡጹቦዛሩ” በተባለው ተውኔት ላይ ጦጣ ሊሆኑ ተዘጋጅተዋል። ጦጣው መሬት ላይ ይንከባለላል፣ ይዘላል፣ ይጨፍራል። በተሰነጠቀ እንጨት ላይ ልጅ እንዴት እናንከባልል?

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። 20 ዶላርም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። ገንዘቡን በኮሚቴው የባንክ ሂሳብ ብቻ አስገቡ። ቁጥሩ አዳራሹ በር ላይ ተለጥፏል፤ የልጆቻችሁ የመመዝገቢያ ደረሰኝ ላይም አለ። በምክንያት መጻፊያው ላይ “ወለል” ብላችሁ ጻፉ። ይህን ካልጻፋችሁ ከወርሃዊ ክፍያ ጋር ይቀላቀልብናል። በጥሬ ገንዘብ የምትሰጡ፣ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ለገንዘብ ያዣችን ስጡ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ።

ደግመን አደራ እንላለን፦ በማንም ግለሰብ ስም አትላኩ። የኮሚቴው ሂሳብ ብቻ፣ ምክንያቱም “ወለል”። እንጨት ቤቱ የነገረን ዋጋ የሚጸናው እስከ ወሩ መጨረሻ ነውና እባካችሁ ከዚያ በፊት ላኩልን።

የአዳራሹ ኮሚቴ