ሸራው ሳይደርቅ አይታጠፍ

ሜልበርን፣ ግንቦት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለዳንኤል፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ከተጠፋፋን ብዙ ወራት ቢያልፉም፣ ካምፐር ትሬይለር፣ ማለትም ክዳኑ ሲከፈት የሸራ ድንኳን የሚሆነውን በመኪና የሚጎተት ተሳቢ፣ መግዛታችሁንና ፋሲካን በባሕር ዳርቻው በኩሮንግ ሐይቅ ዳር በሸራ ሥር ማሳለፋችሁን ከእህትህ ስሰማ እጅግ ደስ አለኝ። ይሁንና ደስታዬን ልገልጽልህ ብቻ አይደለም የጻፍኩልህ። የአደላይድ ክረምት እንደ አገራችን ክረምት በሰኔ የሚገባ በመሆኑ፣ ትሬይለሩ ተዘግቶ ከመክረሙ በፊት ስለ ሸራው አሰባሰብ የማውቀውን ልነግርህ ፈልጌ ነው። ትሬይለር የሚሸጥ ሰው ሸራው እንዴት እንደሚዘረጋ በኩራት ያሳያል፤ እንዴት እንደሚሰበሰብ ግን ሲያሳይ አላየሁም፤ ሸራ የሚበላሸው ደግሞ በአብዛኛው ሲሰበሰብ ነው።

የትሬይለር ሸራ ጥጥ ነው፤ አለዚያም ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለበት ነው። ጥጥ እርጥበት እንደያዘ ከታጠፈ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል፤ ጥቁሩ ነጠብጣብ አንዴ ከገባ ደግሞ አይለቅም። በረኪና ቀለሙን ቢያደበዝዘውም ክሩንና ውኃ መከላከያውን ስለሚበላ ከሻጋታው የባሰ ጉዳት ያደርሳል። የእድር ድንኳን ከለቅሶ ቤት በዝናብ ርሶ ሲመለስ፣ ሽማግሌዎቹ ግቢ ውስጥ ተዘርግቶ ፀሐይ ሳይመታው ዕቃ ቤት እንዳይገባ የሚከለክሉት በዚሁ ምክንያት መሆኑን አንተም ታስታውሳለህ።

ዝናብ ስላልዘነበ ብቻ ሸራው ደርቋል ብለህ እንዳትዘናጋ። አራት ሰው ሲተነፍስ ባደረበት ድንኳን ውስጥ ጣሪያው ከውስጥ በኩል ይረጥባል፤ ከውጭ ደግሞ ጤዛው አለ። ከሁሉ በላይ የሚረሳው ግን ከግድግዳው ግርጌ ነፋስ እንዳይገባ መሬት ላይ የሚንጠለጠለው ጠባብ ላስቲክ ነው፤ ላይኛው ሸራ በፀሐይ ደርቆ ሲንኮሻኮሽ እርሱ ሣርና ጭቃ እንደለበሰ ከሥር ይቀራል፤ ሲታጠፍም በቀጥታ በንጹሑ ጥጥ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ዝቅ ብለህ በእጅህ እየዳሰስክ ዙር፤ ጭቃውን በጨርቅ ጥረግ፤ ፀሐይዋም ከፍ እስክትል ቡና አፍሉ። ጠዋት በጥድፊያ የሚነሣ ሰው እርጥበቱን ይዞት ወደ ቤቱ ይገባል።

በኩሮንግ ላይ ደግሞ የጨው ነገር ይጨመራል። የደቡቡ ሐይቅ ከባሕሩም የባሰ ጨዋማ ነው፤ ከባሕሩ የሚነፍሰው ነፋስም ጨው ይዞ ይመጣል። ጨው ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ ቀን ደረቅ የመሰለህ ሸራ ማታ መልሶ ይረጥባል። በፋሲካ ከተመለሳችሁ ወዲህ ካላጠባችሁት፣ ፀሐያማ ቀን ጠብቀህ ዘርጋውና በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ እጠበው። ሳሙናና ኦሞ አይንኩት፤ ውኃ መከላከያውን ያጥቡታል። ዚፖቹንም ከአሸዋ አጽዳቸውና ንጹሕ ሰም ቅባቸው።

አሰባሰቡን በተመለከተ፣ የጥላውን ሸራና ግድግዳዎቹን አስቀድመህ አውልቅ፤ ነፋስ ካለ ግን ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ያሉትን ካስማዎች እስከ መጨረሻው አትንቀላቸው። የውስጡን ወለል በደንብ ጥረግ፤ አንዲት ጠጠር ከተሸከርካሪው ንዝረት ጋር ስትፋተግ ውላ ሸራውን ትበሳለች። ግልጹን የፕላስቲክ መስኮት ከማጠፍ ይልቅ ጠቅልለው፤ በብርድ ጠዋት ይደርቅና ከታጠፈበት ይሰነጠቃል። በሮቹን ዝጋ፤ አንዱን መስኮት ግን ጥቂት ክፍት ተወው፤ አየሩ መውጫ ካጣ ሸራው ይነፋና ክዳኑ አልገጥም ይላል። ክዳኑ ሲመለስ ባለቤትህ በአንድ ጎን፣ አንተ በሌላው ሆናችሁ ያፈነገጠውን ሸራ ወደ ውስጥ ግፉት፤ ማጠፊያው ውስጥ ከተቆነጠጠ ይቀደዳል። የብረት ዘንጎቹን ከሸራው ጋር አንድ ላይ አትጠቅልላቸው፤ ለብቻቸው በከረጢት ይቀመጡ።

በዝናብ መውጣት ግድ ከሆነባችሁስ? እርሱም ያጋጥማል፤ አትጨነቅ። የራሰውን የጥላ ሸራ ፍራሹ ላይ አትጫነው፤ በትልቅ ላስቲክ ከተህ መኪናው ውስጥ ለብቻው አስቀምጠው፤ ፍራሹንም በላስቲክ ሸፍነው። ከዚያ ቤት እንደደረስክ፣ ቢበዛ በማግስቱ፣ ግቢህ ውስጥ ወይም መኪና ማቆሚያህ ሥር ዘርግተህ አድርቀው። ይህን ካደረግክ እርጥብ ሆኖ መታጠፉ አይጎዳውም፤ የሚጎዳው «ቅዳሜ እዘረጋዋለሁ» ተብሎ ሲከርም ነው።

ለክረምቱ የምታለብሰውን ሽፋን በሚመለከት እኔና ብዙ ሰው አንስማማም። ብዙዎች ርካሹን የላስቲክ ሸራ ጥርቅም አድርገው ያስሩበታል፤ እኔ ግን አየር የማያሳልፍ ነገር ላብ ከማጠራቀም በቀር ጥቅሙ አይታየኝም። የትሬይለሩ የራሱ የጉዞ መሸፈኛም አየር የማያሳልፍ ላስቲክ ስለሆነ፣ በላዩ ሌላ ላስቲክ መደረብ አያስፈልገውም። ጣሪያ ሥር ማስገባት ከቻልክ ከሁሉ ይሻላል፤ ካልሆነም አየር የሚያሳልፍ ሽፋን ግዛ። ፍራሹን ከሥሩ አየር እንዲያገኝ በጥቂቱ ከፍ አድርገው፤ የምግብ ፍርፋሪም አይቅር፤ አይጥ የገባበት ሸራ ተጠግኖ አያልቅም። በክረምቱ መካከል ፀሐይ የወጣችበት ቅዳሜ ሲገኝ ከፍተህ አናፍሰው።

መስከረም ሲጠባ እዚህ አገር ጸደይ ስለሚገባ፣ በእኛና በእናንተ መንገድ መካከል ግራምፒያንስ ተራሮች ላይ ብንገናኝ ብለን ከቤተሰቡ ጋር ተማክረናል። ከመምጣታችሁ አንድ ሳምንት ቀደም ብለህ ሸራውን ግቢህ ውስጥ ዘርጋውና ስፌቱንና ዚፑን እይ፤ የተበሳ ቦታ ካገኘህ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ መጣፊያውንና ሙጫውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።

ለመላው ቤተሰብ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

አክባሪ ወንድምህ