ፈጣኑ ኤስኤስዲ ለምን ቀርፋፋ ሆነ?

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ደንበኛችን ኮምፒውተሩን ተሸክሞ እዚህ አዳማ ሱቃችን መጣ። ከእኛ የገዛው ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዓይነት የፋይል ማስቀመጫ ዲስክ) ካርቶኑ ላይ በሰከንድ 3500 ሜጋባይት ያነባል ይላል፤ እሱ ጋ ግን 1700 አላልፍ ብሏል። «ፎርጅድ ነው የሸጣችሁልኝ» አለን። አልፈረድንበትም።

ዲስኩ ኦሪጅናል ነው፣ ችግሩ የተሰካበት ቦታ ነው። የማዘርቦርዱን ኤም ዶት ቱ፣ ማለትም የእንዲህ ዓይነት ዲስክ መሰኪያውን፣ አሮጌ ዲስክ ይዞት ስለነበር አዲሱን በአዳፕተር ካርድ አድርጎ ከግራፊክስ ካርዱ በታች ያለው ረጅሙ ስሎት (የካርድ መሰኪያ) ላይ ሰክቶታል። ይሄ ስሎት ከላይኛው እኩል ይረዝማል፤ በስልክ መብራት ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ግን ፒኖቹ ግማሹ ጋ ሳይደርሱ ያልቃሉ። 16 ሌን (የዳታ መስመር) ያለው ይመስላል፣ ያለው 4 ነው። በዚያ ላይ በቀጥታ ከፕሮሰሰሩ ጋር ሳይሆን በቺፕሴቱ፣ ማለትም ስሎቶችንና ሌሎች ክፍሎችን ከፕሮሰሰሩ ጋር በሚያገናኘው የማዘርቦርዱ ቺፕ፣ በኩል ነው የሚገናኘው። የእሱ ቺፕሴት ደግሞ ቢ450 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው፤ ለስሎት የሚሰጠው ፒሲአይ ኤክስፕረስ (የስሎቶቹ የግንኙነት ደረጃ) 2.0 ስለሆነ በአንድ ሌን በሰከንድ 500፣ በአራቱ 2000 ሜጋባይት ነው፣ ከዚያም ላይ የሚባክን አለ። በ2020 የወጣው ቢ550 ቢሆን 3.0 ስለሚሰጥ እጥፍ ገደማ ያገኝ ነበር።

ሌላም አለ። ቺፕሴቱ ላይ የተሰካ ሁሉ ወደ ፕሮሰሰሩ የሚሄደው በአንድ መንገድ ነው። ፈጣን መንገዱን ትቶ በአሮጌው የሞጆ መንገድ እንደ መምጣት ነው፤ ሲኖትራኩም ባጃጁም እዚያው ነው። ብዙ ጊዜ አይታወቃችሁም፣ ዲስኩም ኔትወርኩም ባንዴ ሲሠራ ግን ይጨናነቃል።

ዲስኮቹን አቀያየርንለት፣ አዲሱ በቀጥታ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኘው ኤም ዶት ቱ ላይ፣ አሮጌው አዳፕተሩ ላይ። ከ3400 በላይ አነበበ። ሲገዛ ማዘርቦርዱ ምን እንደሆነ መጠየቅ የነበረብን እኛ ነን፣ ይቅርታ ጠይቀነዋል። ከአሁን በኋላ ሳንጠይቅ አንሸጥም።

ለዋይፋይ፣ ለድምፅ ወይም ለ1 ጊጋቢት ኔትወርክ ካርድ አትጨነቁ፣ አንዷ ሌን ትበቃቸዋለች። ለዚህ ብላችሁ አዲስ ማዘርቦርድ አትግዙ። ፈጣን ዲስክ ወይም ከባድ ካርድ ልትገዙ ከሆነ ግን የኮምፒውተሩን ጎን ከፍታችሁ ማዘርቦርዱን ፎቶ አንሱና ላኩልን፤ ሞዴሉ እላዩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። የቱ ስሎት ላይ እንደሚሰካ በነፃ እንነግራችኋለን።