አሮጌ የኳርትዝ ክሪስታሎች በኪሎ አይሸጡ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ፒያሳ ከነበረ አንድ የጥገና ሱቅ የተነሡ የቆዩ የመገናኛ ሬዲዮኖች ሳይፈተሹ ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ተወስደው በኪሎ መሸጣቸው አሳዝኖኝ ይህን ጽፌያለሁ። የሬዲዮኑን ፍሪኩዌንሲ (በሰከንድ የሚርገበገብበትን ብዛት) የሚወስኑት በውስጣቸው ያሉት የኳርትዝ ክሪስታሎች፣ ድምፅ አልባ ቢመስሉም፣ ብዙዎቹ ጥቂት እንክብካቤ ብቻ የሚሹ ናቸው።

ኳርትዝ ሲጫኑት የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚያመነጭ ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1880 ሲሆን፣ በዚሁ ጠባይ ላይ የተመሠረተ ኦሲሌተር (የማያቋርጥ የኤሌክትሪክ ርግብግቢት የሚያመነጭ ዑደት) በ1921 የሠራው ደግሞ ዋልተር ኬዲ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብዛት የተመረተውን ኤፍቲ-243 የተባለ የክሪስታል መያዣ ሦስት ብሎኖቹን ፈትቶ የሚከፍት ሰው፣ ሁለት የብረት ዝርጎች፣ በመካከላቸው ስስ የኳርትዝ ቅጠል፣ እንዲሁም አንድ ሞላ ያገኛል። ይህን ቅጠል የጣት ቅባት ወይም ብናኝ ከነካው ፍሪኩዌንሲው ይወርዳል፤ አንዳንዴም ጨርሶ መርገብገቡን ያቆማል። ስለዚህ ጠርዙን ብቻ በወረንጦ ይዞ በንጹሕ አልኮል ማጠብና በደንብ አድርቆ መመለስ ያስፈልጋል።

የፍሪኩዌንሲው ፍተሻ፣ በእኔ እምነት፣ ከእጥበቱ ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በ10 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ላይ የ10 ኸርዝ ልዩነት አንድ ሚሊዮንኛ ብቻ በመሆኑ፣ ፍሪኩዌንሲውን የሚለካው ቆጣሪ ራሱ ከጂፒኤስ ሳተላይቶች በሚገኝ ምልክት ካልተስተካከለ ንባቡን ማመን አይቻልም፤ የክፍሉም ሙቀት አብሮ ሊመዘገብ ይገባል።

ሬዲዮ የሚፈታቱ ወገኖች ክሪስታሉን ከነጽሑፉ ለይተው እንዲያስቀምጡ፣ እንደ ተግባረ እድ ያሉ የቴክኒክ ኮሌጆችም ለተማሪዎቻቸው መለማመጃ እንዲረከቧቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ