ለወንድሜ የደረሳችሁለት ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን

የወንድሜ የአንጎል ቀዶ ሕክምና በሰላም ካለፈ እነሆ ስድስት ወር ሆነው። ተመስገን! እናታችን ከአልጋው ሥር ባልተለየችባቸው ሳምንታት እንጀራና ወጡን እየተፈራረቃችሁ ያመጣችሁልን፣ በዚያ በረዶ በመኪና ያመላለሳችሁን የሞንትሪያል ወገኖቻችን፣ ብድራችሁን ይክፈልልን። (የሳህኖቻችሁ ክዳን ተደበላልቆብን እኛ ጋ ተቀምጧል፤ መጥታችሁ ለዩ።)

የሚጥል በሽታ የጀመረው በዘጠኝ ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ እያለን ሲወድቅ ክብሪት ለኩሰው ያሸቱት ነበር፤ ጸበልም ተመላልሷል። እዚህ መጥተን መድኃኒቱ እንቢ ሲል፣ «መነሻው በግራ በኩል፣ ከጆሮው በላይ ነው፤ ቢወጣ ይሻላል» አሉን። እማዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፦ «ሲነቃ ያውቀኛል?»

ሐኪሞቹ መልስ ከመስጠታቸው በፊት አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ሁለት ቀን ሙሉ ፈተነችው። ቃላት አንብባለት ታስደግመዋለች፤ ሥዕል አሳይታው፣ ግማሽ ሰዓት ቆይታ በቃሉ ታስለዋለች። ለምን እንዲህ እንደምታደርቀው ስጠይቃት አንጎል እንዴት እንደሚያስታውስ ያጠኑትን የፕሮፌሰር ብሬንዳ ሚልነርን ታሪክ ነገረችኝ።

ሚልነር በ1918 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ማንቸስተር ተወለዱ። ካምብሪጅ ሒሳብ ሊማሩ ገብተው ወደ ሥነ ልቦና ዞሩ፤ በ1944 ካናዳ መጡ። በ1950፣ ገና የማክጊል ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳሉ፣ የቀዶ ሐኪሙን የዊልደር ፔንፊልድን ታካሚዎች መፈተን ጀመሩ። ከነዚያ ውስጥ ሁለቱ በአንድ ጎን ብቻ ተቀደው አዲስ ነገር በአእምሯቸው መያዝ አቃታቸው። ሚልነርና ፔንፊልድ «ያልተነካውም ጎን ቀድሞ የተጎዳ መሆን አለበት» አሉ። ከዓመታት በኋላ አንደኛው ሲሞት አንጎሉ ታየ፤ እንዳሉት ሆኖ ተገኘ። ወንድሜን ያን ያህል ያደረቁት፣ የሚቀርለት ጎን ብቻውን ይችል እንደሆነ ለማወቅ ነበር።

ይኸው ከጆሮ በላይ ያለው የአንጎል ክፍል ከሁለቱም ጎን የወጣለት ሰውም አለ፤ አሜሪካዊው ሄንሪ ሞላይሰን፣ በ1953። ሚልነር እሱን ለማየት ሃርትፎርድ ድረስ በሌሊት ባቡር ይሄዱ ነበር፤ በተገናኙ ቁጥር ግን ለሱ እንግዳ ነበሩ። በመስታወት እያየ ኮከብ እንዲስል ሰጡት። ሦስት ቀን ተለማምዶ እጁ ተካነ፤ እሱ ግን ከዚያ በፊት መሞከሩን አያስታውስም። እጅ የሚማርበትና ሰው ትናንትን የሚያስታውስበት መንገድ ለየቅል መሆኑ የታወቀው እንዲህ ነው። ፕሮፌሰሯ ዘጠና ካለፋቸው በኋላም ከሥራ አልቀሩም፤ በ2014 ለሳይንስ ሊቃውንት የሚሰጠውን የካቭሊ ሽልማት ሲቀበሉ 96 ዓመታቸው ነበር።

አግኝቻቸው አላውቅም። ቢሆንም ከሐኪሞቹና ከነርሶቹ እኩል ለእሳቸው እጅ እነሳለሁ። ሄንሪንም ነፍሱን ይማር፤ እሱ ባጣው ነው የኛ ልጅ የተረፈው።

የነቃ ዕለት እማዬ ጎንበስ ብላ «ማነኝ?» አለችው። ዓይኑን እንኳ ሳይገልጥ፦

«እማዬ፣ ፈተናው አላለቀም እንዴ?»

እህቱ፣ ከሞንትሪያል