«ትወጣለች» ነው ያሉኝ

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? እኛ ደህና ነን።

ባለፈው የመምህራኑን አድማ አንሥተን ሳንስማማ ስልኩን ዘጋን። «አስተማሪ እንዴት ሕፃናቱን ጥላ ትወጣለች? አንጀቷስ እንዴት ቻለ?» አሉኝ። በኋላ ሳስበው አንድ ነገር ከነከነኝ፦ «ትወጣለች» ነው ያሉት፤ «ይወጣል» አላሉም። የእርስዎ ፋብሪካ አድማ በመታ ጊዜ ስለ አንጀታችሁ የጠየቀ አልነበረም። ጎረቤቱ ሁሉ «ወንድ ማለት እነሱ ናቸው» ነበር ያለው።

ነገሩ የቆየ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ካትሪን ቢቸር የተባለች አሜሪካዊት ሴቶች ለማስተማር የተፈጠሩ ናቸው እያለች ስትከራከር፣ ቤተሰብ ስለማያስተዳድሩ በትንሽ ደመወዝ ይሠራሉ የሚለውንም ታክልበት ነበር። ሙገሳው ከደመወዛቸው ላይ ሲቆረጥ ኖረ። ዛሬም በዚያ አገር ከአራት የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ሦስቱ ያህል ሴቶች ናቸው። ወንድ ጭማሪ ሲጠይቅ ለልጆቹ ነው ይባላል፤ ሴት አስተማሪ ስትጠይቅ ግን ፍቅሯ እንዳለቀ ይቆጠርባታል።

እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካዋ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት መምህራን አድማ መትተው በ55ቱም ካውንቲዎች (ወረዳዎች) ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። አንዳንዶቹ መምህራን አንገታቸው ላይ ቀይ መሐረብ አስረው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1921 በዚያው ግዛት ብሌር ተራራ ላይ ለማኅበራቸው የተዋጉት የከሰል ቆፋሪዎች ምልክት ነው። ይህ እርስዎን ደስ እንደሚያሰኝዎት አውቃለሁ። እነዚያው መምህራን ግን ምሳቸውን ከትምህርት ቤት የሚያገኙ ልጆች እንዳይራቡ አስቀድመው ምግብ ቋጥረዋል። በመጨረሻ የ5 በመቶ ጭማሪ አግኝተው ተመለሱ። የሕዝቡ ድጋፍ በከፊል ከዚያ ምግብ የመጣ ይመስለኛል፤ እናትነታቸውን እንዳልጣሉ ስላሳዩ። በደግነታቸው እኮራለሁ፤ ግን ይከፋኛልም። ከሰል ቆፋሪ ለማደም ስንቅ አከፋፍል ተብሎ ያውቃል?

አባባ፣ እርስዎ ባደሙበት ወር የበላነው በእማዬ የመምህርነት ደመወዝ ነበር። ቀን ታስተምራለች፣ ማታ እኛን አስተኝታ ደብተር ታርማለች። ያኔ አንዳችንም ደመወዟን «የቤት አስተዳዳሪ ደመወዝ» ብለን አልጠራነውም።

እሑድ ስደውል እማዬንም አጠገብዎ ያስቀምጡልኝ። አድማ መውጣት ፈልጋ ታውቅ እንደነበር ጠይቄያት አላውቅም።

አክባሪ ልጅዎ