ወታደር መርከብ ላይ የሚወጣበትን ሰልፍ አለማምዱ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለመከላከያ ሚኒስቴር
የባሕር ኃይል ሥልጠናን ለሚመለከተው ክፍል

ጉዳዩ፦ ከተከበበ ወደብ ወታደር የማስወጣት ልምምድን ይመለከታል

በለገጣፎ የምንኖር የባሕር ሙያተኞች ነን። ባሕር የሌላት አገር መርከበኛ ስታሠለጥን ስለ መርከቡ ብዙ፣ ስለ መሳፈሪያው ጥቂት እንዳይነገር እንሰጋለን።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን የተከበቡት የእንግሊዝና የአጋሮቿ ወታደሮች በባሕር ወደ እንግሊዝ የወጡበት የፈረንሳይ ወደብ፣ ደንከርክ፣ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ትንንሾቹ ጀልባዎች ነው። ቁጥሩ ግን ሌላ ይላል። ከግንቦት 18 እስከ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ከወጡት 338,226 ወታደሮች 239,446ቱ የተሳፈሩት ከወደቡ ነው። ከአሸዋው ዳርቻ የተነሱት 98,780 ናቸው። ዳርቻው ጥልቀት ስለሌለው ትልቅ መርከብ ርቆ ይቆማል። ጀልባዋ 25 ሰው ብትይዝ ለ1,000 ሰው 40 ምልልስ ነው፤ ያውም ሰዉ በአንድ ጎኗ ተንጠልጥሎ ካልገለበጣት። ውኃው ሲሸሽ ካሚዮን ደርድረው፣ በላዩ ጣውላ አንጥፈው መሸጋገሪያ እስከ መሥራት ደርሰዋል።

የወደቡ ውስጥ በቦምብ ስለወደመ በየብስ በኩል መሳፈሩን የመሩት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ካፒቴን ቴናንት ያዩት ወደ ባሕሩ ዘልቆ የሚገባውን የምሥራቁን የማዕበል መከላከያ ነው። ርዝመቱ 1.3 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ መራመጃው ጣውላ ሆኖ ሦስት አራት ሰው ጎን ለጎን ቢያስኬድ ነው። መርከብ እንዲታሰርበት አልተሠራም። ግንቦት 19 ሌሊት አንዲት መርከብ አስጠግተው ሲሞክሩ ሰዓት ሳይሞላ 900 የሚያህል ሰው ጫነች።

ቀጥሎ የመጣው ጣጣ የባሕሩ ከፍና ዝቅ ማለት ነበር። ምጽዋ ላይ ልዩነቱ አንድ ሜትር ቢሆን ነው፤ ደንከርክ ግን ከአራት ሜትር ያልፋል። ሲሞላ በእግር የሚረገጠው የመርከብ ወለል፣ ሲጎድል በመሰላል የሚወረድበት ጉድጓድ ይሆናል። ጠመንጃ ያነገተ፣ እንቅልፍ ያጣ ወታደር መሰላሉ አናት ላይ አንዴ ከቆመ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል።

ግንቦት 21 ማታ ደግሞ ቦምብ ያልቻለውን የተሳሳተ መልእክት ቻለው። ወደቡ ተዘግቷል የሚል ወሬ ሥራው ይመራበት ወደነበረው የእንግሊዝ ወደብ ዶቨር ደረሰና አብዛኞቹ መርከቦች ወደ አሸዋው ተላኩ። የማዕበል መከላከያው ግን ያገለግል ነበር፤ ሌሊቱ ባከነ።

የምንጠይቀው ባሕር አይፈልግም፤ ለጥ ያለ ሜዳና ኖራ ይበቃል። 1,300 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት መስመሮች አስምሩ፤ መሃላቸው አራት ሰው ብቻ ያሳልፍ። መጨረሻው ላይ የአራት ሜትር መሰላል አቁሙና አንድ ሻለቃ ከነትጥቁ በጨለማ አሳልፉበት። በሁለተኛው ዙር ሁለት ቃሬዛ አስገቡ። ሦስተኛው ላይ መሰላሉ ጋ ያለው መኮንን ሬዲዮ ይቀማና መልእክት በሰው ይመላለስ። ሰዓት የሚይዘው ሰው መሰላሉ ሥር ይቁም እንጂ ሰልፉ መነሻ ላይ አይቁም፤ መነሻው ላይ ሁልጊዜ ፈጣን ይመስላል።

ምጽዋን በካርታ የምታስተምሩ ከሆነም ከየብስ ወደ ጥዋለት ደሴት፣ ከጥዋለት ወደ ወደቡ ደሴት የሚያሻግሩትን መንገዶች ስፋት አስቀድማችሁ አስለኩ። እዚያ ሰልፉ የሚታነቀው መርከቡ ጋ ሳይደርስ ነው።

ከሰላምታ ጋር