ስንት እንጨት ይበቃኛል ላልከኝ

ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «እማዬ፣ ለዚህ የብርድ ወቅት ስንት እንጨት ይበቃኛል?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩልህ።

ቁርጡን ቁጥር ማንም ሊነግርህ አይችልም። ሻጩ የሚነግርህ ሊሸጥልህ የፈለገውን ነው። ጎረቤትህ የሚነግርህ የራሱ ቤት የፈጀውን ነው። የእሱ መስኮት ደግሞ እንዳንተ ብርድ አያስገባ ይሆናል፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ሥራ ውሎ ማታ ብቻ ያነድ ይሆናል። ያንተን ቤት የሚያውቀው ያንተ መዝገብ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዘንድሮ ጀምር።

መጀመሪያ መለኪያው ላይ እንዳትሸወድ። «አንድ መኪና እንጨት» መለኪያ አይደለም፤ መኪናውም አጫጫኑም ይለያያል። በሰሜን አሜሪካ የሚሸጡት በ«ኮርድ» ነው። አንድ ኮርድ በደንብ የተደረደረ 128 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም 3.6 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፓ ውስጥ «ስቴር» የሚሉት ደግሞ የተደረደረ አንድ ኪዩቢክ ሜትር ነው። ዋናው ጥያቄ «የተደረደረ ነው ወይስ የተዘረገፈ?» የሚለው ነው። ዝም ብሎ የተዘረገፈ አንድ ኪዩቢክ ሜትር ፍልጥ ስትደረድረው ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ብዙ ሰው ከሻጭ ጋር የሚጣላው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም እኮ እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ ማንም ምንም ቢልህ ደርድረህ ራስህ ለካ። ርዝመት በከፍታ በፍልጡ ቁመት ማባዛት ነው። ቁልሉ 4 ሜትር ርዝመትና 1.5 ሜትር ከፍታ ካለው፣ ፍልጡም 33 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ 2 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ አለህ ማለት ነው። ይህን ወቅቱ ሳይጀመር ጻፍ። መሀል ላይ የገዛኸውን ጨምር። ሲያበቃ የተረፈውን ለክተህ ቀንስ። ስንፍና ከያዘህ ይቺ ብቻ እንኳ ትበቃለች። ዓመት ምህረቱን ስትጽፍ ግን ሁለቱንም ዓመት ጻፍ፤ ብርዱ በአዲስ ዓመት አይቋረጥም።

ከዚህ የተሻለው፣ እኔም የማደርገው፣ ቅርጫት መቁጠር ነው። እንጨት የምታስገባበት ቅርጫት አንድ ይሁን፣ አትለዋውጠው። የሚንጠለጠል ሚዛን ፈልግና እንደወትሮው እየሞላህ ጥቂት ጊዜ መዝነው። የቅርጫቱን ክብደት ቀንሰህ አማካዩን ያዝ። ከዚያ በኋላ መመዘን የለም። ቅርጫት በገባ ቁጥር ምድጃው አጠገብ በተሰቀለ ወረቀት ላይ አንድ ጭረት ብቻ ነው። እናንተ ልጆች ሁሉን ነገር ስልክ ላይ ማድረግ ትወዳላችሁ፤ ግን ጥቀርሻ የነካው እጅ ስልክ አይነካም። ወረቀትና እርሳስ ይሻልሃል። ከፈለግህ በወሩ መጨረሻ ወደ ኮምፒውተር ታስገባዋለህ።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ ልግባ። ኪሎው ብቻውን ይዋሻል፣ ምክንያቱም ውኃም ይመዝናል። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ግማሽ ክብደቱ ውኃ ሊሆን ይችላል። 10 ኪሎ የሚይዝ ቅርጫት አስብ። እርጥበቱ 20 በመቶ ከሆነ 8 ኪሎው የሚነድ ነገር ነው። 50 በመቶ ከሆነ ግን 5 ኪሎ ብቻ ነው። በዚያ ላይ እሳቱ መጀመሪያ ውኃውን አፍልቶ ማትነን አለበት። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም እኩል አንዳንድ ጭረት ናቸው።

የእርጥበት መለኪያ ትንሽ መሣሪያ ነች፣ ግዛ። ፍልጡን እንደገና ፍለጠውና መርፌዎቹን አዲስ በተከፈተው የውስጥ ፊት ላይ ተጫን። ጫፉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ያታልልሃል። ከ20 በመቶ በታች ካነበበ አንድደው። ከዚያ በላይ ከሆነ ይቆይ። እርጥብ እንጨት ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፤ ጭሱም ጭስ ማውጫው ውስጥ እንደ ቅጥራን ይጋገራል። ያ የተጋገረው ነገር አንድ ቀን ሊቀጣጠል ይችላል። ይህን የምነግርህ ላስፈራራህ ብዬ አይደለም፣ ደህና፣ ትንሽ ላስፈራራህም ብዬ ነው።

የዛፉንም ዓይነት ጻፍ። በኪሎ ሲታይ ደረቅ እንጨት ሁሉ ይቀራረባል፤ በ20 በመቶ እርጥበት አንድ ኪሎ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። በቁልል ሲለካ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ኦክና ቢች ከባድ ናቸው። ፓይንና ፖፕላር ቀላል ናቸው፣ ቶሎ ያልቃሉ። አደራረቃቸውም አንድ አይደለም። ቀላሉ እንጨት ተፈልጦ ነፋስ ካገኘ በአንድ በጋ ሊደርቅ ይችላል፤ ኦክ ግን ሁለት ዓመት ሊጠይቅ ይችላል። መዝገቡ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ለሚመጣው ብቻ ሳይሆን ከዚያ ቀጥሎ ላለው ወቅት ዛሬ ምን ያህል መደርደር እንዳለብህ ታውቃለህ። ብርዱ ሲገባ እንጨት ፍለጋ የሚሯሯጥ ሰው የሚያገኘው እርጥቡን ነው።

ሌላው ብርዱ ራሱ ነው። ዘንድሮ ብዙ ነደደ ማለት ቤቱ እንጨት ይበላል ማለት አይደለም፤ ዓመቱ ቀዝቅዞ ይሆናል። ለዚህ «ዲግሪ ቀን» የሚባል ስሌት አለ። የቀኑን አማካይ የውጭ ሙቀት ከ18 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ትቀንሳለህ። አማካዩ 3 ዲግሪ ከሆነ የዚያ ቀን 15 ዲግሪ ቀን ነው። ከ18 በላይ ከሆነ ዜሮ። የወቅቱን ሁሉ ትደምራለህ። አንዳንድ አገር መነሻው 15.5 ነው፤ የፈለግኸውን ያዝ፣ ብቻ አትቀያይር። ስሌቱን ሠርተው የሚያወጡ የአየር ጠባይ ተቋማት ስላሉ ራስህ መልፋት ላያስፈልግህ ይችላል።

ከዚያ ጭረቶቹን በቅርጫቱ አማካይ ኪሎ አባዛና የወቅቱን ኪሎ ለዲግሪ ቀኑ ድምር አካፍል። በ2,500 ዲግሪ ቀን 4,000 ኪሎ ካነደድክ ለአንድ ዲግሪ ቀን 1.6 ኪሎ ነው። በሚቀጥለው ወቅት 4,400 ኪሎ ብታነድና ዲግሪ ቀኑ 2,750 ቢሆን አሁንም 1.6 ነው፤ ምንም አልተበላሸም። ዲግሪ ቀኑ እዚያው 2,500 ላይ ሆኖ 4,400 ከነደደ ግን 1.76 ይሆናል። ያኔ ተነስተህ ፈልግ። እንጨቱ እርጥብ ነበር? የምድጃው በር ማሸጊያ አልቋል? የሆነ መስኮት ብርድ እያስገባ ነው? ወይስ ቤት ውስጥ ካናቴራ ለብሶ መንጎራደድ የሚወድ ሰው አለ? (አንተን አላልኩም።) ስሌቱ የሚሠራው ቤቱን የሚያሞቀው ምድጃው ብቻ ከሆነ ነው፤ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካገዘው እሱንም ወረቀቱ ላይ ጻፍ። እንግዳ የበዛበትን፣ ቤት ያልነበርክበትን፣ ጭስ ማውጫው የተጠረገበትን ቀንም እዚያው ጣል አድርግ።

ዘንድሮ መዝገብ ስለሌለህ፣ ብርዱ ጠንከር ሲል የአንድ ሳምንት ቅርጫትና የዚያኑ ሳምንት ዲግሪ ቀን ያዝ። ለቀረው ወቅት በዚያ ገምት። ወቅቱ ሳይጋመስ ቁልሉ ከተጋመሰ ቶሎ ደረቅ እንጨት ፈልግ፣ እስኪያልቅ አትጠብቅ።

አመዱን ክዳን ባለው የብረት ባልዲ አውጣ፤ ከቤት ውጭ፣ ከእንጨት ወለልም ራቅ አድርገህ አስቀምጥ። ፍም አመድ ውስጥ ተደብቆ ለቀናት ይቆያል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያውም ባትሪ እንዳለው እይ።

ቁልሉን እንደለካህ ርዝመቱንና ከፍታውን፣ የቅርጫቱንም ኪሎ ላክልኝ፣ አብረን እናሰላለን። ጭስ ማውጫው መቼ እንደተጠረገ ደግሞ አከራይህን ዛሬውኑ ጠይቀው። የማያስታውስ ከሆነ ሳይጠረግ እንዳታነድ፣ አደራህን።

የምትወድህ እናትህ